ግድቡ ደኅና ነው፤ በሩስ መቼ ይከፈታል?

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ሐይቅ ሲባል የሚታየን ነገር ሁሌም አንድ ነው፦ ነፋሻ አየር፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቀዝቀዝ ያለ መጠጥ፣ ፎቶ። ሐይቁ ከየት መጣ፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ከበታቹ ማን ይኖራል ብለን ጠይቀን አናውቅም። ለምንስ እንጠይቃለን? ሐይቅ እግዜር የፈጠረው ነው፤ እኛን የሚመለከተን የዓሣው ሂሳብ ብቻ ነው።

ቆቃን ግን እግዜር አልፈጠረውም። (ወይም ከፈጠረውም በጣሊያን በኩል ዞሮ ነው፤ እንመለስበታለን።)

አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነን በተለመነች መኪና ወደ ቆቃ ወረድን። ሦስት ጊዜ የተሰረዘ ቀጠሮ ስለነበር መድረሳችን ራሱ እንደ ድል ተቆጥሯል። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ስንታጠፍ የቲማቲምና የሽንኩርት ሻጮች መኪናዋን ከበቧት፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ዓሣው አለ። ሙሉ ቆሮሶ፣ እንደወረደ ከዘይት ወጥቶ፣ ከዳጣ ጋር። አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ሰብረው የሚጣል አንጀት ይጠብቃሉ። እውነት ለመናገር ከዚህ በላይ የሆነ ምሳ በከተማችን በልተን አናውቅም፤ ቆቃን የምናማው ስላልወደድነው እንዳይመስላችሁ።

ከምሳ በኋላ ጀልባ። ከስድስታችን ዋና የሚችለው ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛውም «እችላለሁ» የሚለው በሆቴል ገንዳ ጥግ ጥጉን ይዞ ነው። ጀልባዋ ላይ እኛን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ። ላይፍ ጃኬት ሁለት ነበር። አንዱ ከፊት ለፊት ገመድ ላይ ተሰቅሏል፤ ሌላው ላይ ሞተሩን የሚይዘው ልጅ ተቀምጦበታል። «ይሄ ለምንድን ነው?» አልነው። «እንጨቱ እንዳይቆረቁረኝ» አለን፣ በፍጹም ቅንነት። ጉማሬ ልናይ ነበር የሄድነው፤ አየንም፤ ከሚገባው በላይ ቀርበን አየነው። ከመካከላችን አንዱ «ጉማሬ እኮ ሣር በል ነው» እያለ ሲያጽናናን ነበር። ሣር በል መሆኑ እውነት ነው። ጀልባ መገልበጥ የሚችል መሆኑም እውነት ነው።

ወደ ዳር ስንመለስ ግን ነገሩ ሁሉ የጀመረበትን ሰው አገኘን። ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ የመጡ አባት ናቸው። እግራችን ሥር ጭቃው ላይ እንደ ደረጃ የተሰመሩ መስመሮች ነበሩ፤ ውሃው ሲወርድ በየደረጃው ጥሎት የሄደው ምልክት። ምን እንደሆነ ጠየቅናቸውና አስረዱን። ዳሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲሸሽ ይዘራበታል፣ ሲመለስ የተዘራው ይሄዳል። ታዲያ ውሃው ሊመለስ ሲል፣ ወይም ግድቡ ላይ ሊለቀቅ ሲል፣ ማን ይነግርዎታል አባባ? አልናቸው።

«ውሃው» አሉን።

ይህቺ አንዲት ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያጻፈችን።

እንግዲህ ወደ ጣሊያን እንመለስ። የቆቃ ግድብ አዋሽ ላይ የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው ካሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ሦስት ተርባይኖች፣ 43.2 ሜጋ ዋት፤ ለዘመኑ የአገሪቱ ትልቁ የኃይል ማመንጫ ነበር። ከግድቡ ጀርባ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ተኛ፤ እርሻውና የግጦሽ መሬቱ ከሥሩ ቀረ። ንጉሡም ዳር ላይ ገሊላ የተባለውን ማረፊያ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ሐይቁን ገና ከልጅነቱ እንደ መዝናኛ ያየነው ማለት ነው፤ ይሄ የእኛ ትውልድ ፈጠራ አይደለም። ቆየት ብሎ ከቆቃ በታች እዚያው አዋሽ ላይ ሁለት ማመንጫዎች ተጨመሩ፤ አዋሽ ሁለት እ.ኤ.አ. በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971።

አሁን አንድ ሂሳብ እንሥራ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የቆቃ 43.2 ከዚህ ጎን ሲቀመጥ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን የምንለው ሽማግሌውን ለመናቅ አይደለም። የምንለው፣ ቆቃ ዛሬ ዋነኛ ሥራው መብራት አይደለም ነው። ዋናው ሥራው አዋሽን መያዝ ነው፦ በበጋ ለወንጂ፣ ለመተሐራና ከዚያም በታች ላለው እርሻ ውሃ ማጠጣት፣ በክረምት ደግሞ ከሸዋ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ማስታገስ። ችግሩ እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚጣሉ መሆናቸው ነው። ለበጋው መስኖ የሚያስብ ሰው መስከረም ሲጠባ ሐይቁ ጢም ብሎ እንዲሞላ ይፈልጋል። ለጎርፉ የሚያስብ ሰው ደግሞ ነሐሴ ላይ ባዶ ቦታ እንዲኖር ይፈልጋል። ባዶ ቦታ ከሌለ የመጣው ጎርፍ ወዴት ይገባል? በበሩ ነዋ የሚወጣው።

እዚህ ላይ ደለል ይገባል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ቆቃ እስኪደርስ የታረሰ፣ የተራቆተ፣ ዛፉ ያለቀበት ምድር እያጠበ ነው የሚመጣው። ሞጆ ወንዝም የራሱን ድርሻ ይዞ ይቀላቀላል። ሐይቁ ውስጥ ሲገቡ ፍጥነታቸው ይሞታል፤ አፈሩን እዚያው ያራግፉታል። ቆቃ ሲሠራ ወደ 1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንዲይዝ ነበር የታሰበው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሲሦ ያህሉን ደለል እንደወሰደው ጥናቶች አሳይተዋል። እስቲ በቤታችሁ ባለ በርሜል አስቡት፦ ሲሦው አሸዋ ከሆነ፣ ያው የለመዳችሁት ዝናብ ቶሎ ሞልቶ ይፈስባችኋል። ዝናቡ መጨመር እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ «የዘንድሮው ጎርፍ ከዝናቡ ብዛት ነው» ሲባል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሐይቁ ወለል ላይ ተኝቷል።

ነሐሴ 2012ን እናስታውስ። ሁላችንም ኮሮና ፈርተን ቤት ተቀምጠን ነበርና ዜናው ብዙ አልገባንም። አዋሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ በላይኛው ተፋሰስ ሰበታ ሐዋስ አካባቢ ሜዳው ባሕር ሆነ፤ ቆቃ ሞልቶ ውሃ መልቀቅ ግድ ሆነ፤ በታችኛው አዋሽ አፋር ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተጎዳ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከቀዬው ተነቀለ። እርሻውና ከብቱ ሄደ። ልብ በሉ፣ የትኛውም ግድብ አልፈረሰም። ሁሉም ግድቦች «በአስተማማኝ ሁኔታ ላይ» ነበሩ። ሰዉ ነው በአስተማማኝ ሁኔታ ላይ ያልነበረው።

ክርክራችን ይኸው ነው እንግዲህ። ስለ ግድብ ደኅንነት ስንጠይቅ የሚመለስልን ስለ ኮንክሪት ነው። አልተሰነጠቀም፣ ቆሟል፣ ባለሙያ ክትትል ያደርጋል። እሺ፣ እናምናለን። ግድብ ግን ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ በር ያለው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ስልሳ ስድስት ዓመት ሊቆም ይችላል፤ በሩ ግን በየክረምቱ ይከፈታል። ከግድግዳው መፍረስ የሚፈራ ሰው አንድ ጊዜ ሊፈራ ይችላል፤ በበሩ የሚጎዳው ሰው ግን በየጥቂት ዓመቱ ይጎዳል። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሁልጊዜ ስለ ግድግዳው ነው።

በ2017 ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሆነው እንደዚሁ ነበር። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነው ሁሉ መብራቱ ሲወዛወዝ አይተን ስልካችንን ከፈትን፤ ወዲያው ጥያቄው የከሰም ግድብ ሆነ፤ የሚመለከታቸውም ጉዳት እንዳልደረሰበት ተናገሩ። ጥያቄው ትክክል ነበር፣ መልሱም ያረጋጋል። ቆቃም እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ነውና ስለ ግድግዳው መጠየቅ ቂልነት አይደለም። ግን የመሬት መንቀጥቀጡ ሲያባራ ጥያቄያችንም አብሮ ያባራል። ነሐሴ ሲመጣ ማንም አይጠይቅም።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን፣ እኛ ለቅዳሜና እሑድ ነው የምንሄደው» የምትሉ ወዳጆቻችን ትኖራላችሁ። ይህን ጥያቄ እኛም መኪና ውስጥ ተነታርከንበታል። እስቲ ከግድቡ በታች ያለውን ቁጠሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ሲባል ወንጂ አለ፤ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዋሽ ውሃ ሸንኮራ የሚያበቅል አገር፣ ሜዳው ለጥ ያለ፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚሸሽበት ኮረብታ የማያገኝ። ከዚያ አዋሽ መልካሳ። ከዚያ ሶደሬ! ሶደሬን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ ተንፈላሰን፣ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ምሳ በልተን፣ ጦጣ ሙዛችንን ነጥቆን ተመልሰናል። ያ ወንዝ አዋሽ ነው። ከላዩ ቆቃ አለ። የአዋሽ ፓርክ ፏፏቴውም የዚያው የአዋሽ ነው፤ ጫፉ ላይ ቆመን ፎቶ የተነሳንበት። ስለዚህ እኛም፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ ከበሩ በታች የምንውል ሰዎች ነን። ልዩነቱ እኛ ማታ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

መዝናኛ የሆነ ግድብ ሰዉን እንዴት እንደሚያዘናጋ የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ፤ ከአገራችን በጣም የራቀ ቢሆንም ሳንጠቅሰው ማለፍ አልቻልንም። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ለመርከብ ቦይ የተሠራ ነው፤ ቦዩ ሥራ ሲፈታ የፒትስበርግ ሀብታሞች ክበብ ሐይቁን ለዓሣ ማጥመጃና ለጀልባ ያዘው። ለመዝናኛ እንዲመች ብለው ነገሮችን ቀያየሩ። የግድቡን አናት ሠረገላ እንዲያልፍበት ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ የውሃ ማስተንፈሻው አፍ ላይ ወንፊት አደረጉበት። ሐይቁን ዝቅ ለማድረግ የሚያገለግሉት የታች ቧንቧዎች ቀደም ብለው ተነቅለው ተሸጠው ነበር፤ የመለሳቸው የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ፤ ወንፊቱ በቆሻሻ ተደፈነ፣ ውሃው በአናቱ ፈሰሰ፣ ግድቡ ተናደ። ከታች ጆንስታውን የምትባል የብረት ሠራተኞች ከተማ ነበረች። 2,209 ሰው ሞተ። የክበቡ አባላት ለዓሣው መጨነቃቸው እውነት ነው፤ ዓሣውም አላመለጠም ነበር።

ቆቃ ሳውዝ ፎርክ አይደለም፤ የኮንክሪት ግድብ ነው፣ የሚያስተዳድረውም መንግሥታዊ ተቋም እንጂ የዓሣ አጥማጆች ክበብ አይደለም። ያመጣነው ለአንድ ነገር ነው፦ ሐይቁን እንደ ጌጥ የሚያየው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄና ከታች የሚኖረው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ አይደለም።

ስለ ሐይቁ ውሃ ራሱም አንድ ሁለት ነገር ሳንል አናልፍም፤ መቼም ዋና የምትገቡ አላችሁ። የቆቃ ውሃ በአንዳንድ ወቅት አረንጓዴ ይሆናል፤ የሣር አረንጓዴ ሳይሆን ቀለም የተደፋበት ዓይነት። ያ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ደቂቅ ነገር ነው፣ ከከተማና ከእርሻ በሚመጣ ማዳበሪያና ቆሻሻ የሚፋፋ፤ የሚያወጣው መርዝ ጉበት ይጎዳል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም ፍሳሻቸው የት እንደሚሄድ ወንዙን ያየ ሰው ያውቀዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። እኛ የታሸገ ውሃ ገዝተን ነው የሄድነው፤ ዳር ላይ የሚኖረው ሰው ግን በጀሪካን የሚቀዳው ከዚያው ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ሲወጣ አገር ጉድ አለ፤ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 እዚህ ቆቃና አዋሽ ላይ ነበር። ማንም ጉድ አላለም።

ከሁሉ የገረመን የወባው ጉዳይ ነው። ቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ለሐይቁ ዳር የቀረቡ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ በብዙ እጥፍ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ምክንያቱ ያ ጭቃው ላይ ያየነው ደረጃ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ኩሬ ኩሬ ጥሎ ይሄዳል፣ ትንኟም እዚያ ትፈለፈላለች። እነዚያው አጥኚዎች አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ውሃው ፈጠን ብሎ ዝቅ እንዲል ቢደረግ ኩሬዎቹ ትንኟ ሳታድግባቸው ይደርቃሉ። አያችሁ? ያው በር ነው። በሩ መቼና በምን ፍጥነት ይከፈታል የሚለው ጥያቄ የመብራት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የመስኖ፣ የጎርፍ፣ የወባ፣ የዓሣና የእኛ የጀልባ ሽርሽር ጥያቄ ነው። የሚወሰነው ግን ጥቂት ሰዎች በሚያዩት ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቅርብ በሆኑት ዓመታት ክረምት ላይ ከቆቃ ውሃ ሊለቀቅ ስለሚችል ከታች ያላችሁ ተጠንቀቁ የሚል ማሳሰቢያ በመገናኛ ብዙኃን ያወጣል። ይህ ከበፊቱ ትልቅ መሻሻል ነው፣ ያስመሰግናልም። ነገር ግን ማሳሰቢያው ምን ይላል? «ሊለቀቅ ስለሚችል።» መቼ? ስንት? ወንዙ አሚባራ ላይ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ስንት ክንድ ከፍ ይላል? ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ወንዝ ዳር ያደረ ሰው «ተጠንቀቅ» ሲባል የሚያደርገውን እንዲያውቅ ቁጥርና ሰዓት ያስፈልገዋል። ደግሞስ ማሳሰቢያው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ቀድመን የምናየው እኛ ነን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጥን። ላይክ አድርገን እናልፋለን።

«ቁጥሩ ከወጣ ሕዝብ ይሸበራል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ከመካከላችን አንዷ፣ አዳማ ያደገች፣ ለዚህ የሰጠችው መልስ ደስ ብሎናል፦ የዶላር ምንዛሪ በየቀኑ ይወጣል፣ እሱ ነው ሰው የሚያሸብረው። የሐይቅ ከፍታ ቁጥር ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ዳር የሚኖረው ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፤ ሳተላይትም ከሰማይ ይለካዋል። ቁጥሩ የተሰወረው ከታች ካለው ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ነው ግድግዳው የጋረደው። የግድቡን ጥበቃ የሚመለከት ነገር ምስጢር ይሁን፣ አንከራከርም፤ ዛሬ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ስንት ሲደርስ በር ይከፈታል የሚለው ግን የግድቡ ምስጢር ሳይሆን የወንዙ ዜና ነው።

የምንጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። በየቀኑ የሐይቁ ከፍታ በሬዲዮ ይነገር፤ በኦሮምኛም በአፋርኛም፣ እንደ አየር ትንበያው ተራ ነገር ሆኖ፣ ሰዉ ጆሮው እስኪለምደው። ሲለምደው ነው ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚገባው። ወንጂ፣ ሶደሬና ከዚያ በታች ባሉት መንደሮች ሲለቀቅ የሚጮኽ ሳይረን ይተከል፤ ሳይረኑ ሲጮኽ ወዴት እንደሚኬድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይለማመዱት። ነሐሴ ላይ ለጎርፍ የሚተው ባዶ ቦታ ስንት እንደሆነ ይታወቅ፣ ለምን ያን ያህል እንደሆነም ይነገር። የ43 ሜጋ ዋቱን ጥቂት ክፍል ለዚህ ብንሠዋ አገር አይጨልምም፤ ዛሬ ይህን የሚያካክስ ሌላ ምንጭ አለን። የመስኖው ክርክር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ለዚህም ነው በግልጽ ይካሄድ የምንለው።

ይህን አሁን የምናነሳው በምክንያት ነው። የግድብ ሐይቅ የሽርሽር አገር እየሆነ ነው። ዳውሮ ላይ ሃላላ ኬላ የተሠራው የጊቤ ሦስት ውሃ ዳር ነው፤ እጅግ ውብ ነው ይባላል፣ ገንዘባችን ሲፈቅድ እናያለን። ንጋት የተባለው የዓባይ ግድብ ሐይቅም ደሴቶች አሉት፣ ጀልባና ሎጅም መምጣቱ አይቀርም። ይምጣ። እኛ ከሎጅ ጋር ጠብ የለንም። የሎጁ ፕላን ሲሠራ ግን ከመዋኛ ገንዳው ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳው የት ይተከላል የሚለው አብሮ ይሠራ። ቆቃ ላይ ስድሳ ስድስት ዓመት ቆይተን ያልሠራነውን አዲሶቹ ላይ ከመጀመሪያው ማድረግ ይቀላል።

እስከዚያው ግን እናንተ ቆቃ አትሂዱ አንልም፤ ሂዱ። ማለዳ ድረሱ፣ ፔሊካኖቹ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሲሻሙ የሚታየው ያኔ ነው። ዓሣውን ብሉ፣ ለሚጠብሱት እናቶችም ዋጋ አትከራከሩ። አረንጓዴ ውሃ ካያችሁ እግራችሁን እንኳ አታስነክሩ። ክረምት ላይ አዋሽ ዳር ድንኳን አትትከሉ፣ ሰማዩ ጥርት ቢል እንኳ፤ ዝናቡ የሚዘንበው እናንተ ያላችሁበት ላይሆን ይችላል፣ የሚከፈተው በርም አይታያችሁም። ጀልባ ላይ ደግሞ እንደኛ አትሁኑ፣ ላይፍ ጃኬቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ።

እኛም ለባለ ጀልባው ልጅ ስንሰናበተው ይህንኑ ነገርነው። ለፋሲካ ተመልሰን እንመጣለን፣ ያኔ ግን ላይፍ ጃኬት ካልጨመርክ አንሳፈርም አልነው። ልጁ ወደ ጀልባዋ ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ እኛን አየ፣ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

«ሁለት አለ እኮ» አለን።